እሑድ እሑድ ባዶ

የአባቱ ምላስ ከተያዘ በኋላ ፕሮግራመሩ ልጅ የሠራለት ፕሮግራም ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ሲነሳ ፋይል ይከፍታል፣ ሽማግሌው በምትታዘዝለት አንዲት ጣት የሚነካውን ፊደል ሁሉ ይቀበላል፣ ሲዘጋ ያስቀምጣል። ሌላ ሥራ የለውም።

መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙ እምቢ ብሎት ነበር። በአር ፊደል፣ ማለትም ለንባብ፣ እንዲከፍት ቢያዘው «ፋይሉ የለም» እያለ መለሰው። እውነቱን ነው፤ ገና ምን ተጻፈና? ልጁ አርን አጥፍቶ ደብልዩ፣ ማለትም ለመጻፍ፣ አስገባ። ደብልዩ ፋይሉ ከሌለ ፈጥሮ ይከፍታል። ተከፈተለት። እዚያው ሁለት ቃል ጻፈ፣ መልሶ አነበበ፣ ሁለቱም አሉ። እሰይ ብሎ ማሽኑን ለአባቱ አስረከበ።

ልጁ አባቱ እንዲጽፍለት የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቱን ነገር። ስለ እናቱ የሚያውቀው እሱን ስትወልድ መሞቷን ነው። ፎቶ የላትም፤ መቃብሯንም ያሳየው ሰው የለም። አባቱ በደኅናው ጊዜ ሲጠየቅ «ይደርሳል» እያለ ሲገፋ ኖሯል። አሁን ግን እንባ አቅርሮ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነው። ካልጻፈ ነገሩ አብሮት አፈር ሊገባ ነው።

ሽማግሌውን የምታስታምመው የልጁ እንጀራ እናት ናት። ልጁ ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት ወደ ቤቱ የመጣች ሴት ናት፤ «እትዬ» ይላታል። ጠዋት ጠዋት ባሏን በትራስ ደግፋ ታስቀምጠዋለች፣ ማሽኑን ታበራለች፣ ፕሮግራሙን ትከፍትለትና ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች።

በመጀመሪያው እሑድ ልጁ መጥቶ ፕሮግራሙን ከፈተ። ባዶ። ፋይሉን ራሱን ፈልጎ አየ። ፋይሉ አለ፤ አንድ ፊደል ግን የለበትም።

«አባዬ፣ ጽፈሃል?»

ሽማግሌው ነቀነቀ።

«ብዙ?»

አሁንም ነቀነቀ።

«በል እስቲ አሁን እዚሁ ጻፍልኝ።»

ሽማግሌው በሩ ላይ ወደቆመችው ሚስቱ አየና እጁን ሰበሰበ። ልጁ ይህን ልብ አለ።

ተከትሏት ማድ ቤት ገባ።

«እትዬ፣ እናቴን ታውቂያት ነበር?»

ሳህን የምታጥብበት እጇ ቆመ። «አባትህ ይንገርህ። እሱ ልንገረው ብሏል፤ ከእኔ አፍ አይወጣም።»

«ማሽኑንስ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ማብራት ነዋ! ሌላ ምን አውቄ?» አለችና ሻርፑን ከወንበሩ ላይ አንስታ ሰጠችው። «ደግሞ ጆሮህን ሸፍን። ከአራስነትህ ጀምሮ ብርድ አይስማማህም።»

በሁለተኛው እሑድ ባዶ። በሦስተኛውም ባዶ። የእንጀራ እናት ስም ድሮም የጠፋ ስለሆነ ጥርጣሬው ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ያን ማሽን የሚከፍተው የእሷና የእሱ እጅ ብቻ ነው። እሱ አላጠፋም። ታዲያ ማን ቀረ? ሙት ላይ መቅናት አይሰለቻትም እንዴ፣ እያለ ከረመ። ሻርፑንም ከእጇ መቀበል ተወ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ እሑድ ሲደርስ በሩ ላይ ሰዎች ቆመው አገኘ። አባቱ ረፋዱ ላይ አርፏል።

ከቀብር በኋላ ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«የእናቴን ታሪክ በልተሽ ተገላገልሽ» አላት።

«እኔ? ያረፈ ዕለት ጠዋትም ጽፏል እኮ። ጨርሶ፣ እኔው ዘግቼለት ነው ጋደም ያለው፤ ፊቱ ራሱ ፈክቶ ነበር። ክፈተውና እይ።»

«ስንት እሑድ ልክፈተው? አንቺ ሴትዮ፣ የሞተች ሰው ምን አደረገችሽ?»

ሴትየዋ ሻርፑን ከወንበሩ ላይ አንስታ ዘረጋችለት።

«ከዚህ ቤት ውጪልኝ!»

ዘመድ እንደሌላት ያውቃል። የት ትሄጂያለሽ ብሎ ግን አልጠየቃትም። ጥቂት ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች፤ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታው ነበር። ይህን ያየው በማግስቱ ነው።

ማሽኑን ይዞ መሥሪያ ቤት ሄደ። ባልደረቦቹ ሊቁ የሚሉት አንድ ጓደኛ አለው። የጠፋ ነገር ፈልጎ በማውጣት የሚያህለው የለም።

«መጀመሪያ ፕሮግራምህን አሳየኝ» አለ ሊቁ። አነበበና ሳቀ። ከዚያ የጓደኛውን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠ።

«ምነው?»

«ደብልዩ ፋይል ከሌለ ይፈጥራል፣ ልክ ነህ። ካለ ግን ባዶ ያደርገዋል። ይሄ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር የበፊቱን ጠርጎታል። አባትህ ሊጽፉ ሲሉም፣ አንተ ልታነብ ስትልም።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ልጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። 

«የጠፋው አይወጣም?»

ሊቁ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ደከመ። ምንም አልወጣም። በላዩ ላይ ሲጻፍበት የከረመ ነገር ነው።

«ለመሆኑ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ፕሮግራሙን ከፍተኸዋል?»

«አልከፈትኩም። ባዶ ነው ብዬ።»

«እንግዲያው የመጨረሻው ቀን ጽሑፍ አለ።»

ልጁ ደብልዩን አጥፍቶ አር አስገባ። ሁለት ጊዜ ተሳሳተና በሦስተኛው ሆነለት። ከዚያ ሁሉ ወር ጽሑፍ የተረፈችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ስክሪኑ ላይ ወጣች።

«እስካሁን የጻፍኩልህን ካነበብክ ለምን እንደደበቅንህ ገብቶሃልና አትፍረድባት፤ ዛሬ ስትመጣ እትዬ ማለቱን ተውና እማዬ በላት።»