እሺ እስክትሉን አንቀመጥም

«እዚህ ሆኖ ጧፍ ከሚይዝ፣ እዚያ ሄዶ ይቀድስ» ነበር መሰለኝ የኔታ ያሉት። ልጅ ሆኜ ከቤተልሔሙ ጀርባ የሰማሁት ነው። አንድ ወጣት ዲያቆን ከትልቁ ደብር ወደ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሊልኩት ነው፤ አባቱ «ምን በደለ?» እያሉ ይለምናሉ። ልጁ ይሂድ ይቅር ግን ጠፍቶብኛል።

አሁን ኦስሎ፣ በረዶ ሜዳ ዳር ቆሜያለሁ፤ ጥር 2008። ጋሽ ሳህሉ፣ ተረፈና እኔ ለሽምግልና ተልከን ነው። ሦስታችንም ሙሉ ልብስ ለብሰናል፤ ጋሽ ሳህሉ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል።

የላከን የሊንደሩድ ሰፈር ጎረቤታችን ደበላ ነው። ልጁ ኖኤል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነው። ዘንድሮ ዋናው ቡድን ገባ ብለን ደስ ሲለን፣ ክለቡ ከሚዮሳ ሐይቅ ማዶ ላለ የታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን ሊያውሰው ሆነ። ልጁ «ከላካችሁኝ ጨርሶ አቆማለሁ» ብሏል። ደበላ ደግሞ ልጁ አጥፍቶ የተባረረ መስሎታል። ጥፋት ካለ ይቅርታ ይጠየቃል፤ ይቅርታ ደግሞ በሽማግሌ ነው።

ደበላ ራሱ እንደ ልማዱ ደጅ፣ መኪናው ውስጥ ዳዊቱን ይደግማል። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያመላልስ፣ ልጁ ከበረዶው ሜዳ አጥር ጋር ሲላተም ላለማየት አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

«ቁጭ በሉ እንጂ» ይለናል አሰልጣኙ ትሮን፣ የተጫዋቾቹን አግዳሚ ወንበር በእጁ እየጠረገልን።

«ጉዳያችን ሳይመለስልን አንቀመጥም» ይላሉ ጋሽ ሳህሉ በአማርኛ። ኖርዌጅኛውን ከሁላችንም በላይ ይችሉታል፤ ሽምግልና ግን በአማርኛ ነው።

«ምን አሉ?» ትሮን ወደ ኖኤል ይዞራል። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው እሱ ብቻ ነው፤ ሄልሜቱን ታቅፎ አንገቱን ደፍቷል።

«ወገባቸውን ያማቸዋል» ይላል ኖኤል በኖርዌጅኛ።

ጋሽ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከትሮን ወላጆች ጤና ይነሣሉ፤ በዓመቱ ብርድ በኩል ያልፋሉ፤ ልጅ ቢያጠፋ አባት እንደሚምር አስረድተው፣ መርቀው ይጨርሳሉ።

«አትላከኝ ነው የሚሉት» ይላል ኖኤል።

«ይኼ ሁሉ?»

«ያ» ይላል፣ አዎ ማለቱ ነው።

«ለመሆኑ ምን አጥፍቶ ነው?» እላለሁ፣ በምችለው ኖርዌጅኛ።

ትሮን ዓይኑ ይፈጣል። «ማጥፋት? ኧረ ምንም! አሁን የት እንደተቀመጠ እዩት። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ነው፤ ለሌሎቹ በር ይከፍታል። ተከላካይ ተሳስቶ፣ ተመትቶ፣ እንደገና ገብቶ ነው የሚማረው። እዚያ የጨዋታውን ግማሽ በረዶው ላይ ነው። ሲበስል እመልሰዋለሁ።»

የኔታ ከቤተልሔሙ ጀርባ የሚናገሩ ይመስለኛል። «ጧፍ ከሚይዝ ይቀድስ ነው እኮ የሚለው» እላለሁ ለጋሽ ሳህሉ።

ጋሽ ሳህሉ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። «የተላክነው ልናስታርቅ ነው። እነዚህ አልተጣሉም።» ቀስ ብለው ወደ ኖኤል ይዞራሉ። «እንግዲህ የምንለምነው አንተን ነው። እሺ እስክትለን አንቀመጥም።»

«የላከንስ ደበላ?» ይላል ተረፈ በሹክሹክታ። ይሁንና እሱም ዞሮ ከጎናቸው ይሰለፋል።

«ናይ፣ አይሆንም፣ ጋሽ ሳህሉ! እኔን? ሰው እያየ?» እውነቱን ነው፤ የበረዶ ማለስለሻው ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ እኛን ያያል።

«ቶሎ በል፤ ወገባችንን ያመናል» ይላሉ ጋሽ ሳህሉ።

ኖኤል ሳቁ ያመልጠዋል። ከዚያ ሄልሜቱን ማገላበጥ ይይዛል። «እዚያ ማንም የለኝማ። እዚህ ባልጫወትም አባዬ ደጅ አለ።»

ሄልሜቱን አግዳሚው ላይ ያስቀምጥና ይቀጥላል።

«እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን አባዬ መጥቶ ይየኝ። ከመኪና ወርዶ።»

ተረፈ ሮጦ ይወጣል። ደበላ ጣቱን የሚደግመው መዝሙር ላይ እንዳደረገ ዳዊቱን ይዞ ይገባል። በረዶውን ያያል፤ ሜዳውን የከበበውን መስተዋት በሌላው እጁ ነካ ያደርጋል።

«ደጅ ድረስ የሚጮኸው ይኼ ነው?»

«እሱ ነው» ይላል ኖኤል፤ ለእኛ ያለውን ለአባቱ ደግሞ ይነግረዋል።

«እያየሁህ ቢመቱህስ?»

«አባዬ፣ ሌላውን የምመታው እኮ እኔ ነኝ!»

«እሱስ ቢሆን ይታያል?» ደበላ ወደ እኛ ይዞራል፤ ሽማግሌዎቹ ያግዙታል ብሎ። ሦስታችንም ቆመን እሱኑ እናየዋለን። አሁን የምንለምነው እሱን መሆኑ ይገባዋል፤ ሳቅ ይጀምረዋል።

«እሺ» ይላል፣ «መጥቼ አይሃለሁ። ዓይኔን ሳልጨፍን። ዳዊቴን ግን እይዛለሁ።»

ኖኤል ከአግዳሚው ይነሣል። እኛ እንቀመጣለን።