ሽቦ የሌለው መምቻ

ፊደል ስላልቆጠሩ እትዬ ቡዜን የሚያምናቸው የለም። ልጃቸው ሚስባህ በኢንተርኔት ጨረታ እየገዛ ደሴ ቤታቸው ከሚደረድራቸው፣ መልእክት በምት ከሚላክባቸው የጥንት የሞርስ ቴሌግራፍ መምቻዎች አንዱ፣ ባለፈው ሐሙስ የወንድማቸውን የበሺርን ስም ሲመታ ሰምተው ነገሩት።

«ሽቦ እኮ የለውም፣ እማ!» ብሎ ሳቀ።

«የስልክህስ ሽቦ የታለ?» አሉት።

በማግስቱ በሺር ሞቶ ሐርቡ ከተማ ተቀበረ።

የቤተሰቡን ስም በምት ያስለመዷቸው ቴሌግራፍ ሠራተኛው ሟች ባላቸው ሀይደር ናቸው፤ ሰውን የሚጠሩት ጠረጴዛ እያንኳኩ ነበር።

ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ሚስባህ የዚያኑ መምቻ ናስ ወልውሎ እጁን እንዳነሳ፣ መምቻው ብቻውን መምታት ጀመረ። እትዬ ቡዜ እስኪያበቃ አዳመጡ።

«እማ፣ ማንን ነው የሚጠራው?» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

እሳቸው ወደ መምቻው ጎንበስ አሉ።

«አንተ ሀይደር! ይሄን ልጅ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ስሙን አትጥራብኝ!»