ዋንዛውን ለመቁረጥ

ወይዘሮ ወይንሸት ዋንዛዋን ልታስቆርጥ ነው የሚለው ወሬ ሰፈሩን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ቡታጅራ ውስጥ ወሬ ባጃጅ ይቀድማል። ያወጣችው ደግሞ ራሷ ናት።

ነገሩ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ጋሽ ይታገሱ መርካቶ ይነግዳል። ደወለና፣ «ያ ዛፍ ቦታ ይዞ ቆሟል። ይነሳና መንገድ ዳሩን ሱቅ እንሠራበታለን። ለመስቀል ስመጣ ጸድቶ ልየው» አላት።

ጋሽ ይታገሱ አንድ ነገር ካሰበ አሰበ ነው። እምቢ ያለው ሰው ቤት ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።

«እርስዎ ያሉት ይሁን፣ ጋሼ» አለች ወይንሸት። ቶሎ ነው ያለችው።

ሰፈሩ አዘነባት። ዋንዛውን የተከለው ባሏ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። «ሱቅ ሲሏት ሰውዬውንም ረሳችው» ተባለ። ወልቂጤ የምታስተምረው ልጇ ሲፈን እንኳ እማዬ ምን ነካሽ አለማለቷ ብዙዎችን ገረማቸው።

ወይንሸት ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ዛፍ የሚመለከታት ባለሙያ ሳቢሪን የምትባል ወጣት ናት፤ ደንቡን በትዕግሥት አስረዳቻት። ባሕር ዛፍ ቢሆን ችግር የለም። ዋንዛ ግን አገር በቀል ስለሆነ በገዛ ግቢም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ማመልከቻ ይገባል፣ ባለሙያ ያያል፣ ጎረቤት ይጠየቃል።

«ጎረቤት ቢቃወምስ?»

«ተቃውሞው ተቀባይነት ካገኘ ዛፉ ጥብቅ ተብሎ ይመዘገባል። ያኔ አለቀ። እርስዎም ይሁኑ ዘመድዎ፣ ወይም ነገ ግቢውን የሚገዛ ሰው፣ ማንም አይቆርጠውም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ።»

ሳቢሪን እንደገና ነገረቻት። ሴትዮዋ እጅግ የተጨነቀች ስለመሰላት አሳዘነቻት። «አይዞዎት፣ ጎረቤት ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው» አለቻት።

ጎረቤቷ ሀቢቡ ግን ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊ ነው። የቆርቆሮ ሱቁ ፊቱን ወደ ምዕራብ ሰጥቷል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን የሚጋርድለት ያ ዋንዛ ነው። ስፌቱንም እዚያው ጥላ ሥር ይሰፋል፣ ደንበኞቹም እዚያው ቁጭ ብለው ሰፈሩን ያማሉ። ዋንዛው ከሄደ ሀቢቡ ከነደንበኞቹ መጠበሱ ነው።

በዚያ ላይ የወይንሸት ስልክ አለ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም እያለች፣ በተደወለ ቁጥር እየሮጠች አጥሩ ጥግ ትመጣለች። ከአጥሩ ወዲያ ሀቢቡ አለ። እሷ ደግሞ ስልክ ስታወራ ትጮሃለች።

«አይስጉ፣ ጋሼ! ጎረቤት በጽሑፍ ካልተቃወመ ያልፋል ብለውኛል!»

የሀቢቡ የስፌት መኪና ቆመ።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «መጋዝ ያለው ሰው አግኝቻለሁ! አንዱን ሱቅ ለልብስ ሰፊ ብናከራየው ደስ ይለኛል። እዚህ ያለው እንደሆነ ቀጠሮ አያውቅም!»

ይኼኛው አንገበገበው። «ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ ሞቴን ነው የምትፈልገው!» አለና ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ቤት ለቤት ዞሮ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። ያልፈረመ አልነበረም፤ ከሀቢቡ ጋር ከመከራከር መፈረም ይቀላል።

በዚያው ሰሞን ወይንሸት ሱቁ ድረስ መጣች።

«ሀቢቡ፣ መጥረቢያ ይኖርሃል? ቅርንጫፉን እስከዚያው ላቃልለው ብዬ።»

«የዋንዛውን?»

«ታዲያ የምኑን?»

«የለኝም! ቢኖረኝም የለኝም!»

«እሺ፣ አትቆጣ። ቀሚሴስ ደረሰ?»

«አልደረሰም!»

በነጋታው ፊርማውን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ገባ። መልስ እስኪያገኝም እግሩ ከቢሮው በር አልጠፋም። በመጨረሻ ሳቢሪን ግቢው ድረስ መጥታ ዋንዛውን ለካች፣ ግንዱም ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፈችበት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥብቅ ሆኗል» አለቻት።

«ማንም አይቆርጠውም በይኛ?»

«ማንም።»

«ወይ ጉዴ!» አለች ወይንሸት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ቤቷ ገባች። ሀቢቡ አጥሩ ሥር ቆሞ ሳቁን ዋጠ።

ለመስቀል ጋሽ ይታገሱ አናጢ አስከትሎ ደረሰ። ቁጥሩን ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ማነው ይኼን ያደረገው? ሽማግሌ ይሂድበት!»

«ሀቢቡ ፊርማውን ቢያነሳም መዝገቡ አይነሳም አሉ፣ ጋሼ። ማዘጋጃ ቤት በሽማግሌ አይለመን ነገር።» ዓይኗን ጠረገች።

ጋሽ ይታገሱ «አይዞሽ፣ አንቺማ የቻልሽውን አድርገሻል» እያለ ሲያጽናናት ሰነበተ። በዓሉ ሲያልፍም አናጢውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

የዚያኑ ዕለት ሀቢቡ ቀሚሷን ሰፍቶ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ አመጣላት። ያሸነፈ ሰው ደግ ይሆናል።

«ቂም እንዳትይዥብኝ» አላት።

«ምን አደርጋለሁ፣ ሀቢቡ። ቻል አደርገዋለሁ» አለችና ቀሚሱን ተቀበለችው።

ሀቢቡ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ትንሽ እንኳ አዘነላት።

ጓዳ ውስጥ ስልክ ጠራ። ወይንሸት በሩን ዘጋችና እዚያው ጓዳ ውስጥ አነሳችው።

«ሲፈንዬ፣ ጥርት ብለሽ ትሰሚኛለሽ» አለች በሹክሹክታ፤ «የአባትሽን ዋንዛ ከእንግዲህ ማንም አይነካውም።»