የሳምንቱ አምሮት

በዚያ ዘመን ሰውን የሚያምረው ሆዱ የጠየቀው አልነበረም፤ የማስታወቂያ ድርጅቱ ያዘዘለት ብቻ ነበር። በድርጅቱ ውስጥ ለኮምቦልቻ ከተማ የየሳምንቱን አምሮት እቅድ የምታወጣው አይናዲስ ናት። ጎረቤቱ ፊት ለፊት ይስቅላታል፣ ዞር ስትል ያማታል። በዚህ ሳምንት ለከተማው የሎሚ ብስኩት መድባለች።

እናቷ እማማ በለጡ አልጋ ከያዙ ከርመዋል። ክረምቱን ሙሉ "የሽምብራ እሸት ባገኝ" ሲሉ ነበርና፣ ከገጠር አስመጥታ እየፈለፈለች አቀረበችላቸው።

"አንሽልኝ ይሄን። የሎሚ ብስኩት ነው ያማረኝ" አሏት።

"እማዬ፣ እሱ እኮ የኔ ስራ ነው፣ ያንቺ አምሮት አይደለም። ቅዳሜ እቅዱ ሲቀየር ይለቅሻል፤ እስከዚያ ጠብቂኝ።"

"ለሟች ብስኩት ትሰስቻለሽ? ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ?"

ገዝታ አጎረሰቻቸው። አርብ ሲነጋ ፍርፋሪው ከንፈራቸው ላይ እንዳለ አረፉ።

ለቅሶ ደራሹ ታዲያ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ሁሉም ብስኩቱን ታቅፎ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከለቅሶው ይልቅ ቁርጥምጥሙ ይሰማ ነበር። አይናዲስም እሸቱን አቅፋ ስታለቅስ ቆየችና፣ እንባዋን ሳትጠርግ እጇን ወደ ብስኩቱ ሰደደች። እሷንም አምሯት ነበር።