አያስታውቅም

«እትዬ፣ ዓይንሽ ምንም አልሆነም። ያንን መነጽር አውልቂውና አርፈሽ ተቀመጪ» ይላል የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው እየሳበ።

ታወልቀዋለች። አትቀመጥም።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የተማሪዎቿን ፈተና የምታዘጋጀው በእሱ ጠረጴዛ፣ በእሱ ሰፊ ስክሪን ላይ ነው። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ጠርዛቸው ግን ውሃ እንደነካው ቀለም ይፈስሳል። ልቅሶው ዓይኔን ጎድቶት ነው ብላ ነበር። የምታለቅሰው የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ስለሆነ ለማንም አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ሄዳ መነጽር አሠራች። መነጽሩም ምንም አልፈየደላትም። ኮምፒውተር ጠጋኙን የባሏን ወንድም ዛሬ የጠራችው ግራ ቢገባት ነው።

«ስክሪኑ እኮ ከተሠራበት ጥራት ዝቅ ተደርጎ ነው የኖረው። እንዲህ ሲደረግ ፊደሉ ይተልቃል፤ ግን ይቀባባል። ይሄን የመሰለ ዕቃ! አንቺ ደግሞ ሄደሽ መነጽር ታሠሪያለሽ!» ከት ብሎ ይስቃል።

«ማን ነው ዝቅ ያደረገው?»

«እኔ ነኛ!» ይላል በሳቁ መሐል። ከዚያ ሳቁን ይውጠዋል።

«ለምን?»

ማውዙን ያለ ሥራ ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። «ጋሼ አልነገረሽም እንዴ? እኔ እኮ ኋላ የነገረሽ መስሎኝ… ዓይኑ ነዋ። ፊደሉ አልታይ አለኝ፣ አተልቅልኝ አለኝ። ሌላም መላ ነበረው፤ እኔ በጥድፊያ የመጣልኝ ይሄ ሆነ። እሱም በቃኝ፣ ተወው አለ።»

«መቼ?»

«አንቺ ጉንጭሽን ኦፕራሲዮን ሆነሽ ሆስፒታል ሳለሽ። ‹እሷ የራሷ ይበቃታል፣ እንዳትነግራት› ብሎ አስምሎኝ!»

«ምን ያህል ነበር የሚያየው?»

«ዳር ዳሩን ደህና ነበር። መንገድ አይስት፣ ደረጃ አይስት። የሚጠፋበት መሐሉ ነው፤ ቀጥ ብሎ ያየው ነገር ይሟሟበታል። ‹የሰው ፊት ሊጥ ሆነብኝ› ይለኝ ነበር። ታውቂው የለ፣ በራሱም ይቀልዳል።»

ታውቀዋለች። በመሥሪያ ቤቱ ካርታ መንደፉን ለወጣቶቹ ሠራተኞች ልተውላቸው ብሎ የአስተዳደር ወንበር ሲቀበል ሹመት አማረው ብላ ታዝባው ነበር። እሱንስ ይሁን።

ከሆስፒታል በተመለሰች ሰሞን ፋሻውን ራሷ ፈትታ መስኮቱ አጠገብ ቆመችለት። አገጯን በእጁ ያዘ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ አያት፤ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የወረደውን ስፌት በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። «አያስታውቅም» አላት። «እውነቴን ነው፣ አያስታውቅም።»

በዚያ ቃል ነው ጉንጯን የምትሸፍንበትን ሻርፕ የጣለችው። በዚያ ቃል ነው ክፍል ተመልሳ ጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆመችው። መስታወቱ ሌላ ይላት ነበር፤ የተማሪዎቿ ሹክሹክታ፣ አውቶቡስ ውስጥ የእናቱን ቀሚስ የሚጎትት ሕፃን ሁሉ ሌላ ይሏት ነበር። እሷ ግን እነሱን ትታ አብሯት የሚያድረውን ሰው አመነች። ቀርቦ ያየኝ እሱ ነው ትል ነበር ለራሷ።

«እንግዲህ ላስተካክለው» ይላል ወንድምየው፣ ወደ ስክሪኑ ዞሮ። ይጫናል። ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና እንደገና ይበራል፤ ፊደሎቹ ትንንሽ፣ በምላጭ የተቀረጹ ይመስላሉ። መሐሉ ላይ ሰከንድ ወደ ታች የምትቆጥር አንዲት ሣጥን ብቅ ትላለች።

«አየሽ ልዩነቱን! ‹እንዲህ ይቆይ ወይ?› እያለን ነው። ዝም ካልነው ራሱ ወደነበረበት ይመለሳል። ይቆይ ልበለው?»

«እስቲ ወደ እኔ ዙር።»

ይዞራል። ፀጉሯን ወደ ኋላ ትሰበስባለች፤ ጉንጯን ለመስኮቱ ብርሃን ትሰጠዋለች።

«ያስታውቃል?»

ዓይኑ ጉንጯ ላይ ያርፋል። ወዲያው ወደ ትከሻዋ ይወርዳል፤ ከትከሻዋ ወደ መጋረጃው ይሸሻል።

ትጠብቃለች። ከጀርባው ሣጥኗ ውስጥ ያለው ቁጥር እየቀነሰ እየቀነሰ ያልቃል። ስክሪኑ አንዴ ይጠቁርና ፊደሎቹ ተመልሰው ይተልቃሉ፤ ጠርዛቸው ይፈስሳል።