ማን ቀሰቀሰው?

ቃባሌ ስልኳን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ አየችው። ምንም የለም። ወንድሟ ሶሪ አርባ ግመል እየነዳ ከመንደራቸው ከካላቻ ከወጣ ሳምንቱ ነው። በመሪዋ ግመል አንገት ላይ ያሰረችው መሣሪያ ድምፁን ካጠፋ ደግሞ ሦስተኛ ቀኑ። የጠፋውም ዘራፊ ከሚያደባበት ሸለቆ አፍ ላይ ነው።

መሣሪያውን የሠራችው ራሷ ናት። ባትሪው ዓመት እንዲቆይ ብላ፣ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይተኛል። በየስድስት ሰዓቱ ወይም ግመሏ ደንብራ ስትሮጥ ይነቃል፤ የት እንዳለና ምን እንደቀሰቀሰው በሳተላይት ይልካል፤ ተመልሶ ይተኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ተኛ ግን አላለችውም።

«ሂድ ያልሽው አንቺ ነሽ» አለች እናቷ ዳራሬ። ከትናንት ወዲህ እህል ውሃ አልቀመሰችም። «ዕቃዬ ያይሃል፣ አትፍራ አልሽው። ታዲያ የታለ?»

እውነትም ብላዋለች።

«ተያት እንጂ!» አሉ አጎቷ አያ ጉዮ፤ የተሰነጠቀ የእንጨት የግመል ቃጭል በጠፍር ይጠግናሉ። «ዕቃ አይደል? ይበላሻል። ይኸው የእኔም ተሰነጠቀ።»

ስልኩ ጮኸ።

ዳራሬ ብድግ አለች። ቃባሌ መልእክቱን ከፈተችው። ቦታው ከሸለቆው ማዶ፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ። የቀሰቀሰው ግን ሰዓትም ሩጫም አይደለም። «ማግኔት» ይላል።

«ማግኔት?» ጮኸች። «እሱ ነው! እማ፣ እሱ ነው! የሶሪ እጅ ነው!»

«እጁ ምን ሆነ?» ደነገጠች እናቷ።

«ደህና ነው! መሣሪያው ካርቶን ውስጥ እያለ የምናስተኛው በማግኔት ነው። ከለጠፍሽበት የሞተ ያህል ነው፣ ሰዓቱ እንኳ አይቀሰቅሰውም። ስትነቅይለት ይነቃል። ይህን ደግሞ ከሶሪ በቀር ያሳየሁት ሰው የለም። ግን... መልሶ የለጠፈው ለምንድን ነው?»

አያ ጉዮ ቃጭሉን ጭናቸው ላይ ጥለው ሳቁ። «በዚያ ሸለቆ ስናልፍ ቃጭሉን ምን እናደርገዋለን?»

«ሣር እንወትፍበታለን፣ እንዳይሰማብን» አለች ዳራሬ።

«በቃ! የእሷንም ወተፈው። ማዶ ሲደርስ ነቀለው። ማን ያስተማረው መሰለሽ? እኔ!»

«አያ ጉዮ፣ ድምፅ እኮ የለውም!» ቃባሌ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። «ማን ሊሰማው ነው? ይሄ ጅል! ሦስት ቀን ሙሉ ገደለኝ እኮ!»

ዳራሬ ያለችበት ቁጭ አለች። ከጠዋት ጀምሮ አጠገቧ የተቀመጠውን የወተት ጮጮ አነሳችና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ከዚያ ከንፈሯ ላይ ወተቱ እንዳለ፣ ወደ ልጇ ዞረች።

«ያንን ቃል እስቲ እንደገና አንብቢልኝ።»