የምሥራቁ ደረጃ

ሥጋው ተበልቶ፣ ጽዋው ተጠጥቶ፣ የቀረው ከአዳራሹ ወደ ግቢ መውረድ ብቻ ነበር። ሉ በሚባለው የጥንት አገር የቤት ባለቤት በምሥራቁ ደረጃ ይወርዳል፤ እንግዳ በምዕራቡ። ከሠርጉ ማግስት ግን የባል ወላጆች እንደ እንግዳ በምዕራቡ ወርደው ምሥራቁን ለሙሽራዋ ይለቃሉ። ቤቱን ማስረከብ ማለት ይኸው ነው። የባሏ እናት ይለቁላት ይሆን? ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ የአሮጊቷን ጫማ ብቻ ታይ ነበር።

ሠላሳ ዓመት የለመደው እግር ወደ ምሥራቅ ዞረ። የጫማው አፍንጫ የደረጃውን ጠርዝ አልፎ አየር ላይ ቆመ። የባሏ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰማሁ፤ አልደነቆርኩም!» አሉ አሮጊቷ። «እግሬ ነው እንጂ እኔ መች ረሳሁ?»

ጫማው ግን አልተመለሰም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዞረና ምዕራቡን ደረጃ እንደ ሰው ቤት ደረጃ እየዳሰሰ ወረደ። ሙሽራዋም በምሥራቁ ወረደች፤ የድንጋዩ መሐል በአሮጊቷ እግር ልክ ጎድጉዶ ነበር።

ግቢው ውስጥ ሲገናኙ አሮጊቷ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩአት።

«እንግዲህ እኔ እንግዳ ነኝ» አሉ። «ምነው፣ በአንቺ ቤት እንግዳ ቁጭ በል አይባልም?»